ስድስቱን ቃዳ በሙሉ ባሕር ዛፍ ብንተክልበትስ?

ጥያቄ፦ «አባቴ በምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ ወረዳ ስድስት ቃዳ መሬት አለው (አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው)። ሦስቱ ቃዳ ሜዳ ላይ ያለ ቀይ አፈር ሲሆን በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ይፈራረቁበታል። ሁለቱ ወደ ምንጭ የሚወርድ ተዳፋት ነው። አንዱ ከላይ ያለ ድንጋያማ ገላጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ ስድስቱንም በባሕር ዛፍ ልሸፍነው ይላል፤ አባቴ በሕይወት እያለሁ አይሆንም ብሏል። እኔ ባሕር ዳር ተቀጥሬ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሐሳቤ ከወንድሜ ጋር ነው። የግብርና ድርሻ በአገሪቱ ኢኮኖሚ ውስጥ እየቀነሰ ነው፤ እህሉን ከገበያ መግዛት ይቻላል፤ ዛፍ ደግሞ ለአካባቢ ጥሩ ነው። የአባቴ እምቢታ ከልማድ በቀር ምን መሠረት አለው?»

ምላሽ፦ የአባትዎ እምቢታ መሠረት አለው። የወንድምዎም ሐሳብ ቢሆን ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የተሳሳቱት እርስዎ በማስረጃነት ያቀረቧቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። ሦስቱም በከተማ ዘወትር የሚሰሙ ስለሆኑ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

የግብርና ድርሻ መቀነሱ እውነት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከግማሽ በላዩ ከእርሻና ከእንስሳት ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወርዷል። ይሁን እንጂ የአንዱ ድርሻ የሚቀንሰው ሌላው ሲጨምርም ነው። ግንባታውና አገልግሎቱ ፈጥኖ ሲያድግ እርሻው ያነሰ መስሎ ይታያል፤ በእነዚያው ዓመታት የተመረተው እህል ግን ጨምሯል። ከሠራተኛው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው አሁንም የሚተዳደረው በእርሻ ነው። ደግሞም ያ ድርሻ የሚለካው በኩንታልና በብር ነው። ሦስት ቃዳ የበቆሎ ማሳ ስንት ኩንታል እንደሰጠ ይመዘገባል። ማሳው ላይ የተሠራው እርከን ጎርፉን ይዞ የታችኛውን ጎረቤት ማትረፉ፣ ገለባው ሁለት በሬ ማክረሙ፣ ከሪያድ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ እዚያው ማሳ ላይ መጠጊያ ማግኘቱ በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። አባትዎ በቃላት አብራርተው ላይነግሯችሁ ይችላሉ እንጂ የሚያስቡት ይህን ያልተመዘገበውን ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

«እህሉን ከገበያ መግዛት ይቻላል» የሚለው እውነት የሚሆነው ገንዘብ በእጅ ባለበት ቀን ነው። ባሕር ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆረጠው በአራትና በአምስት ዓመቱ ነው፤ ሆድ ደግሞ በየቀኑ ይጠይቃል። የአጠናና የቋሚ ዋጋ የሚወሰነው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ግንባታ፣ ከዚያም አልፎ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን በሚሻገረው ጭነት ነው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ የገባች አገር ናት። ግንባታ ሲቀዘቅዝ እንጨት ገዢ ያጣል፤ በዚያው ወር ጤፍ ሊወደድ ይችላል፤ ቤተሰብ የሚናጋው ሁለቱ ሲገጥሙ ነው። የ1965ቱን የወሎ ረሃብ ያጠኑ ሰዎች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አግኝተዋል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ረሃቡ ክፋት አልናረም ነበር። ገበሬው ያለቀው አዝመራው ሲጠፋበት እህል የሚሸምትበት ገንዘብም አብሮ ስለጠፋበት ነው። እህል ገበያ ላይ መኖሩ ብቻውን ሰው እንደማያድን ከዚያ የበለጠ ምስክር የለንም። ጎተራ ውስጥ ያለ የራስ እህል የገበያ ዋጋ አይነካውም፤ ሦስቱ የሜዳ ቃዳ ለቤተሰቡ የሚሰጡት የመጀመሪያው ዋስትና ይህ ነው።

ሦስተኛው ሐሳብዎ፣ «ዛፍ ለአካባቢ ጥሩ ነው» የሚለው፣ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ስለ ባሕር ዛፍ በደጋፊውም በተቃዋሚውም ወገን የሚነገረው ግማሽ እውነት ነውና። ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ከተማዋን ወደ ሌላ ስፍራ ስለማዛወር ይታሰብ ነበር፤ በቦታዋ እንድትጸና የረዳት ይህ ዛፍ ነው። ይህ ውለታ አይካድም። ዛሬም ባሕር ዛፍ ያለው ቤት ኩበት ከማንደድ ይድናል፤ እበቱም ወደ ማሳ ይመለሳል።

ውሃ ይጨርሳል የሚለው ክስ ደግሞ እንደ ቦታው ይለያያል። አንድ ኪሎ እንጨት ለማብቀል የሚያስፈልገው ውሃ ከሌሎች ብዙ ዛፎች አይበልጥም። ነገር ግን ፈጥኖ ያድጋል፣ በበጋ ቅጠሉን አያራግፍም፣ ሥሩም ወደ ታች ጠልቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ በዓመት የሚወስደው ውሃ አንድ ሄክታር በቆሎ ወይም ሣር ከሚወስደው እጅግ ይበልጣል። ድንጋያማ ገላጣ ላይ ሲቆም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ምንጭ ሥር ሲቆም ምንጩን ያሳንሰዋል፤ ከቀጠለም ያደርቀዋል። ከእህል ማሳ ድንበር ላይ ሲተከል እስከ 20 ሜትር ድረስ ያለውን ሰብል ያቀጭጫል፤ በዚህ የተነሣ ጎረቤታሞች ሽማግሌ ፊት ሲቆሙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለአጠና ተብሎ አጠጋግተው ሲተክሉት፣ የረገፈውንም ቅጠል ለማገዶ ሲጠርጉት፣ ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ዝናቡ የሚወርደው ባዶ አፈር ላይ ይሆናል፤ ተዳፋት ከሆነ አፈሩ ከዛፉ ሥር ይሄዳል። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ቀረብ ብለው ጎንበስ ሲሉ ሥሮቹ ከመሬት በላይ ገጥጠው ይታያሉ። ባሕር ዳር ስለሚኖሩ ደን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ጀልባ ይሳፈሩና ዘጌ ይውረዱ። ቡናው ከትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ነው ያለው፤ መሬቱ በበሰበሰ ቅጠል ተሸፍኖ እግር ሲረግጠው ይሰምጣል። አንድ ዓይነት ዛፍ በመስመር የቆመበት ማሳ የእንጨት አዝመራ ነው። አዝመራ መሆኑ ነውር የለበትም፤ ግን ደን ብለን ስሙን ስንሰጠው የማይሠራውን ሥራ እንደሚሠራ እንቆጥርለታለን።

አሁን ወደ ሜዳው ሦስት ቃዳ እንውረድ። አጨዳ ሲያልቅ ከአጫጆቹ ኋላ የሚመጡትን ሰዎች ያውቋቸዋል፤ ቃርሚያ ለቃሚዎች ናቸው። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ አቅም ያነሳቸው አዛውንት ናቸው፣ ልጆች ናቸው። ባለማሳው አያባርራቸውም፤ ማባረር ነውር ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት በአንድ የአጨዳ ሰሞን ከስድስት ሰባት ሰው ማሳ የቃረመችውን ዳጉሳ በደጃፏ በቁና ስትሰፍር ደርሼ ነበር። ሰፍራ ስትጨርስ «እስከ ጥምቀት ማዶ ያደርሰኛል» አለችኝ። ለባለማሳዎቹ ያ እህል ቢቀር የማይታወቅ ነበር። እሷ ግን ምንም ማመልከቻ ሳትጽፍ፣ የማንንም ደጅ ሳትጠና ያገኘችው የወራት ቀለብ ነው። አሁን በዚያ አካባቢ ካሉት ማሳዎች ብዙዎቹ ባሕር ዛፍ ሆነዋል። ከባሕር ዛፍ ሥር ቃርሚያ የለም፤ ጭራሮ ቢለቀም ነው።

ጭዱንም ያስቡት። የጤፍ ጭድ የበሬ መኖ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶም የቤት ግድግዳ ይሆናል። በሬው በጭዱ ይከርማል፣ መሬቱን ያርሳል፣ እበቱ ወደ ጓሮ ይመለሳል። ሦስቱ ቃዳ ባሕር ዛፍ ከሆነ በሬው የሚበላው አይኖርም፤ ይሸጣል። በሬ የሌለው ቤት ከመቀናጆ፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር በሬ አጣምሮ ከማረስ፣ ይወጣል፤ ወንፈል የሚመልስበት የለውም፤ ደቦ ሲጠራም እንደ ቀድሞው አይደለም። ሠርግና ለቅሶ የሚያቆመው የመንደር መተጋገዝ የሚታደሰው በየዓመቱ በእርሻ ሥራ ላይ ነው። ይህን የምናገረው ለወጉ ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። የሥራ አጥ ድጎማና የእርጅና አበል በሌለበት ገጠር እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ የገቡት ዋስትና ይህ ነው።

ስለ እርጅና አበል ካነሣን፣ የእኩል እርሻን ልብ ይበሉ። አባትዎ ጉልበታቸው ሲደክም መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ምርቱን ተካፍለው ይኖራሉ፤ በአካባቢው ባል የሌላቸው ሴቶች የሚኖሩት እንዲሁ ነው። በሌላው በኩል ያለው አራሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሬት የሌለው ወጣት ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ከአባቱ ካልደረሰው በቀር ወደ እርሻ የሚገባበት ዋናው በር እኩል አራሽነት ነው። ባሕር ዛፍ አራሽ፣ አራሚ፣ ወቂ አይፈልግም፤ ለባለመሬቱ የሚመችበት ምክንያት ለመሬት አልባው በር የሚዘጋበት ምክንያት ነው። ወንድምዎ ዛሬ ባለመሬት ሆነው ያስባሉ። የጎረቤት ልጆች ወዴት እንደሚሄዱ ግን ጥያቄው ከመንደሩ አይወጣም።

መሬት የሄደውንም ይቀበላል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ሲመለሱ፣ ከገጠር የሄደው አብዛኛው ማረፊያው የወላጆቹ ቤትና የወላጆቹ ማሳ ነበር። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ የዓለም ገበያ ሲናጋ በቻይና ከተሞች ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አጥተው ወደ ገጠር ተመልሰዋል። ያን ያህል ሰው መንገድ ላይ ሳይወድቅ የቀረው በየመንደሩ የሚመለስበት ቁራሽ መሬት ስለነበረው ነው። ድሃ አገር ለዜጎቹ ሊከፍል ያልቻለውን መድን እርሻ ይከፍልለታል።

እስካሁን የተናገርኩት የአባትዎን ወገን ይዤ ነው። እዚህ ላይ ግን እሳቸውም ሊሰሙት የሚገባ ነገር አለ። እህል የሚዘራበት መሬት ሁሉ አካባቢን ይጠብቃል ማለት ስህተት ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ትልቁን የአፈር ጥፋት የሚያደርሰው ማረሻው ነው። ጤፍ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ እንዲልም ይፈልጋል፤ የሚዘራውም ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በበረታበት ጊዜ ነው። የላመና ያልተሸፈነ አፈር ላይ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ጎርፉ ቀይ ሆኖ ሲወርድ ያየ ያውቃል። በ1970ዎቹ በጎጃም አንጀኒን፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድን፣ በወሎ ማይባርን ጨምሮ በተቋቋሙ የምርምር ጣቢያዎች ለዓመታት በተደረገ ልኬት ላይ ተመሥርቶ፣ በደጋው ከሚታረስ አንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን ገደማ አፈር እንደሚታጠብ ተገምቷል። ይህ ሲሰላ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ግን ከግማሽ ስንዝር በላይ አፈር ሄደ ማለት ነው፤ መሬት ይህን መልሶ ለመተካት መቶዎች ዓመታት ይፈልጋል። ከሜጫ የታጠበው በቆጋና በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባል። በመንገዱም የቆጋን ግድብ ይሞላል፤ ግድቡ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው።

ስለዚህ የእርሻ መሬት ለአካባቢ የሚሰጠው ጥቅም ከአያያዙ ጋር የታሰረ ነው። እርከን የተሠራለት፣ ዳርቻው በሣር የተያዘ፣ ጥራጥሬ የሚፈራረቅበት ማሳ ውሃ አስርጎ ምንጭ ይመግባል። ያልተያዘው ማሳ ከተዳፋት ላይ ካለ ባሕር ዛፍ አይሻልም፤ አንዳንድ ጊዜም ይብሳል። ሁለቱን የተዳፋት ቃዳ አባትዎ እስካሁን ያርሷቸው ከነበረ፣ በዚያ ነጥብ ላይ ትክክል አልነበሩም።

ዘሩን በአጭሩ ላንሣ። አባትዎ ከጎተራ የሚያነሡት የዳጉሳ፣ የጤፍ ወይም የኑግ ዘር በዚያው አፈር ላይ በትውልድ የተመረጠ ነው። የካሊፎርኒያን ገብስ ከድንክ አድራጊው የቫይረስ በሽታ የታደገው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። እንዲህ ያለው ሀብት በዘር ባንክ ውስጥ ቢቀመጥም እየተለወጠና እየጠነከረ የሚኖረው ማሳ ላይ ሲዘራ ነው። ለዚህ ሥራ ለገበሬው የሚከፍል የለም።

ወንድምዎን ወደ ባሕር ዛፍ የሚገፋቸውም ይኸው ነው። ማዳበሪያው ተወድዷል። አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፤ በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላዩ በአሲድ የተጠቃ ነው፤ የጎጃም ቀይ አፈር ደግሞ ከተጎዱት ግንባር ቀደሙ ነው። አሲዱ ሳይታከም ማዳበሪያ መጨመር ገንዘቡን መሬት ላይ መበተን ነው፤ ፎስፈረሱ ከአፈሩ ጋር ተቆራኝቶ ሥሩ አያገኘውም። ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የጉልበት ዋጋ ጨምሯል። ባሕር ዛፍ ግን አንድ ጊዜ ተተክሎ ሦስት አራት ጊዜ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ይቆረጣል፤ ከብት አይበላውም፤ ሰው ሲታመም ወይም ልጅ ሲዳር ተሽጦ ይደርሳል። ገበሬው እንደ ባንክ ይቆጥረዋል፤ አቆጣጠሩም ልክ ነው። ይህን ሰው «አካባቢ አበላሸህ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ምንጩን፣ አፈሩን፣ ዘሩን፣ መሬት አልባውን ሁሉ በራሱ ኪሳራ እንዲሸከም ከአገሩ ድሃ ከሆነው ሰው መጠበቅ አይቻልም።

ሌሎች አገሮች ይህን በክፍያ ለመፍታት ሞክረዋል። ኮስታሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከነዳጅ ቀረጥ ገንዘብ እየመደበች ደን ጠብቀው ለሚያቆዩ ባለመሬቶች ትከፍላለች። በእኛም አገር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ምግብ ያጠረውን ሰው እርከንና ተፋሰስ እያሠራ ይከፍላል። በወላይታ፣ ሁምቦ ወረዳ፣ ወደ 2,700 ሄክታር የሚጠጋ የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ ከመሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ያደረጉ የገበሬ ማኅበራት የካርቦን ክፍያ አግኝተዋል። ነገር ግን የሁምቦው ክፍያ በማኅበር፣ በሺህ ሄክታር፣ በዓመታት ልኬትና ምዝገባ የመጣ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ስድስት ቃዳ የካርቦን ገንዘብ ይመጣል የሚል ደላላ ቢገጥማችሁ አትመኑት።

ከእናንተ የማይርቀው ትምህርት በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ያለው ነው። እዚያ ዝናቡ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ አፈሩ በአሲድ ተጎድቶ እህል እምቢ ብሎ ነበር። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ማብቀል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉ ታጨደ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከዛፎቹ መካከል ሣር ለከብት ታጨደ፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ከሰል ሆነ፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ታርሶ ጤፍ ተዘራ። ዲከረንስ ናይትሮጅን ወደ አፈር ይመልሳል። ችግኝ በማፍላት፣ በመቁረጥ፣ ከሰል በማክሰል፣ በመጫን ለመሬት አልባው ወጣት ሥራ ተገኘ። እህሉ፣ መኖው፣ ገንዘቡና የአፈሩ ዕረፍት በአንድ ዑደት የገቡበትን ያን አሠራር ሳይ ገበሬው ራሱ ከእኛ ከባለሙያዎቹ ቀድሞ መፍትሔ እንደፈለሰፈ ነው የተረዳሁት። ነገር ግን ገቢው ሲጨምር ማሳው ሁሉ ዲከረንስ ወደ መሆን ሄደ። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ገባ። ዛፉ አንድ ዓይነት፣ ማሳውም የተያያዘ ስለነበረ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛመተ፤ ችግኙ ደረቀ፤ በዛፉ ላይ ብቻ ተስፋ የጣለ ቤት በአንድ ጊዜ እህልም ገንዘብም አጣ። ወንድምዎ ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ወደ ወረዳው ከተማ አዲስ ቅዳም ወርደው ገበሬዎቹን ይጠይቁ።

ምክሬ የሚከተለው ነው፤ ያለ ማመንታት የምሰጠው ነው።

ሦስቱን የሜዳ ቃዳ ባሕር ዛፍ አታስነኩ። ይልቁንም አፈሩን አስመርምሩና በውጤቱ መሠረት በግብርና ኖራ አክሙት። የሚያስፈልገው መጠን በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሆነ በአንድ ዓመት ሁሉንም ማድረስ ካልተቻለ በየዓመቱ አንድ ቃዳ እያላችሁ ሂዱ። ግብጦን ወደ ፈረቃው መልሱት። የጎጃም ሰው ከጥንት የሚያውቀው፣ አሲዳማ አፈር የሚችል፣ ለቀጣዩ ሰብል ናይትሮጅን የሚተው ጥራጥሬ ነው፤ የድሃ እህል ተብሎ መናቁ ብዙ ጎድቶናል። ሜዳው ከቆጋ መስኖ ውሃ የሚደርሰው ከሆነማ ዛፍ መትከል ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም፤ አቮካዶም ሽንኩርትም የሚወጣበት መሬት ነው።

ድንጋያማውን አንድ ቃዳ ሙሉ በሙሉ ለወንድምዎ ስጧቸው፤ ባሕር ዛፋቸውን እዚያ ይትከሉ። ከጎረቤት ማሳ ቢያንስ 20 ሜትር ይራቁ፤ በድንበሩ ላይ ጥልቅ ቦይ ይቆፈርና ሥሩ ይገታ። ቅጠሉን ጠርጎ መጨረስ አይገባም፤ ለአፈሩ ልብስ ነው። ከገላጣው የሚገኘው እንጨት የቤቱን ማገዶ ከሸፈነ ኩበት ማንደድ ይቅር፣ እበቱም ወደ ሜዳው ይውረድ። የባሕር ዛፉ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው።

ሁለቱ የተዳፋት ቃዳ ለሁለት ይከፈሉ። ከምንጩ ዙሪያ 30 ሜትር ያህል አይታረስም፣ ባሕር ዛፍም አይተከልበትም። ሣሩ ይብቀል፤ ዋንዛ፣ ብሳናና ቀርከሃ ይተከልበት። ከዚያ በላይ ያለው እርከን ይሠራለት፤ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾ ሣርና ሰስባንያ ለከብት መኖ ይግቡ፣ በመካከሉ ፍራፍሬ ወይም ድንች። ይህ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከጉልበት በቀር ብዙ አይሰጥም፤ እርስዎ ደመወዝ ስላለዎት የእርከኑን የጉልበት ወጪ መሸፈን የእርስዎ ድርሻ ቢሆን ተገቢ ነው። ሐሳብ ብቻ ከባሕር ዳር መላክ ለቤተሰብ አይበቃም።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛው፣ ባሕር ዛፍ አንዴ ከተተከለ መመለሻው ከባድ ነው፤ የጉቶ ማውጫው ጉልበት ብዙ ሰው ካሰበው በላይ ነው፤ ስለዚህ «ሞክረን ካልሆነ እንመልሰዋለን» በሚል ሜዳው ላይ አይጀመር። ሁለተኛው፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የእናትዎ ስም ካለ ውሳኔው የእሳቸውም ነው። በጥያቄዎ ውስጥ አንድም ጊዜ አላነሷቸውም። ማገዶውን፣ ውሃውንና ቀለቡን የሚያስቡት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ ምንጩ ቢደርቅ እንስራውን አዝለው የሚርቁት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው፣ ከመትከላችሁ በፊት የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ጠይቁ፤ በእርሻ መሬትና በምንጭ ዳር ስለሚተከል ዛፍ የሚመለከት ደንብ ካለ ከክስ በፊት ማወቁ ይሻላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እርከኑና ቦዩ የሚሠሩት በበጋ፣ አፈሩ ሳይርስና ሰው ከአጨዳ ሲያርፍ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ኖራው ከዘር በፊት አንድ ወር ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር በእርሻ ይቀላቀል። ችግኙ ዝናቡ ሲጸና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይተከል። ለመጪው ገና ወደ ቤት ሲሄዱ አባትዎን፣ እናትዎንና ወንድምዎን ይዘው ስድስቱን ቃዳ ከገላጣው ጀምረው እስከ ምንጩ በእግር ይውረዱ፤ ቦዩ የሚያልፍበትን መስመርም እዚያው በካስማ ያመልክቱ።